ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ሦስቱን አጽንቶ አንዱን ማንቀሳቀስ

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ካጠናቀቁ በኋላ፦
1. የአንድን ሥራ አሠራር ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ገላጭ ድርሰት ይጽፋሉ፤
2. ቦዝ አንቀጽ የድርጊትን ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚያሳይ ያስረዳሉ፤
3. ትእዛዝ አንቀጽን እንደ ተቀባዩ ማንነት ለይተው ይጠቀማሉ።

መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች ታሪክን ስለሚተርክ ድርሰትና አንድን ነገር በዐይን እንደሚታይ አድርጎ ስለሚሥል ድርሰት ተምራችኋል። አሁን ደግሞ የአንድን ሥራ አሠራር ስለሚያስረዳ ድርሰት ትማራላችሁ። ይህ ዐይነቱ ድርሰት ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም አንባቢው ያነበበውን በእጁ ሊሠራበት መሆኑ ነው። በተረት ውስጥ ቅደም ተከተል ቢዛባ አንባቢው ግር ይለዋል እንጂ የሚደርስበት ጉዳት የለም። በአሠራር ገለጻ ውስጥ ሲዛባ ግን ሊጡ ሳይቦካ ይጋገራል፤ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ መወሰዱ ቀርቶ በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ገመዱ ሳይታሰር ሰው ገደል ይወጣል። ስለዚህ የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ለይዘቱ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ነገር ከየትኛው ቀድሞ እንደ ተነገረና ስለ ምን እንደ ቀደመ ጭምር አስተውሉ።

ሀ. ምንባብ

ገደል አወጣጥ

በአገራችን ሰው ገደል መውጣት የጀመረው ለጨዋታ አይደለም። በትግራይ፣ በአዲግራትና በአክሱም መካከል የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ግን ጠፍጣፋ በሆነ አምባ ላይ የተቆረቆረ ነው። ገዳሙን በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ እንደ ሆኑ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስረዳል፤ ወደ አምባው የወጡትም በዘንዶ ጅራት ተንጠላጥለው ነው ተብሎ ይተረካል። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚያስገባው መንገድ 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ዐለት ነው። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ስለማይገቡ ወንዶች ብቻ ከቆዳ በተገመደ ጠፍር ይወጡታል።

ከዚያው ከትግራይ ሳንወጣ፣ በገርዓልታ የሚገኘው የአቡነ የማታ ጎሕ ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ በቆመ የአሸዋ ድንጋይ ዐለት ላይ ከፍ ብሎ ተፈልፍሏል። ወደዚያ የሚወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ የብዙ ዘመን እጅና እግር ያለሰለሳቸውን ጉድጓዶች እየያዘና እየረገጠ ይወጣል። ካህናቱ ለቅዳሴ፣ እናቶችም ሕፃናትን አዝለው ለክርስትና ይመላለሱበታል። ለእነርሱ ገደሉ የዘወትር መንገድ ነው።

በሌላው ዓለም ግን ገደል መውጣት ከጊዜ በኋላ ስፖርት ሆኗል። ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሞን ብላን ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረገጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1786 ነበር፤ የረገጡትም ሐኪሙ ሚሼል ፓካርና የአገሩ ተወላጅ ዣክ ባልማ ናቸው። ገደል መውጣት በኦሊምፒክ የሜዳልያ ውድድር ሆኖ የቀረበው ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በቶክዮ ነው። ካህኑ፣ ሐኪሙና ስፖርተኛው በዘመንም በዓላማም የተራራቁ ቢሆኑም ሁሉንም የሚገዛ አንድ ሕግ አለ። እርሱም ሦስቱን አጽንቶ አንዱን ማንቀሳቀስ ነው።

ገደል የሚወጣ ሰው ከዐለቱ ጋር የሚገናኘው በአራት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ሁለት እጆቹና ሁለት እግሮቹ ናቸው። ሕጉ ከአራቱ ሦስቱ ዘወትር በዐለቱ ላይ ጸንተው እንዲቆዩ፣ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰውም አንዱ ብቻ እንዲሆን ያዛል። እጅ ከተነሣ ሁለቱ እግሮችና ሌላው እጅ ይጸናሉ፤ እግር ከተነሣ ሁለቱ እጆችና ሌላው እግር ይጸናሉ። የዚህን ምክንያት ለማወቅ ወደ ማድቤት መመልከት ይበቃል። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ረግቶ ይቀመጣል፤ አንዱ ጉልቻ ሲነሣ ግን ይገለበጣል። ወጪውም ሦስት ድጋፍ እያለው አንዱ ቢከዳው ሁለቱ ይዘው ያቆዩት ይሆናል፤ በሁለት ድጋፍ ብቻ ቆሞ ሳለ አንዱ ቢከዳው ግን በቀረው በአንዱ ላይ ሕይወቱ ይንጠለጠላል።

ሁለተኛው ነገር ክብደትን በእግር መሸከም ነው። ጀማሪ ሁሉ በእጁ ለመውጣት ይሞክራል፤ ክርኑን አጥፎ ሰውነቱን ወደ ላይ ይስባል። ክንድ ግን ለዚህ አልተፈጠረም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የክንዱ ጡንቻ ይግላል፣ ይጠነክራል፤ ጣቶቹም ባለቤታቸው ሳያዛቸው መከፈት ይጀምራሉ። እግር በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ሰውነትን ተሸክሞ መዋል የለመደ ነው። ስለዚህ ጥሩ ወጪ መሰላል እንደሚወጣ ሰው በእግሩ ይገፋል፤ እጁ የሚያገለግለው ሚዛን ለመጠበቅ ነው። ሲያርፍም ክንዱን ዘርግቶ ያርፋል። ውኃ የሞላበትን ባልዲ ክንዱን ወደ ታች ዘርግቶ የያዘ ሰው ክርኑን አጥፎ ከያዘው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚደክም ሁሉ፣ በተዘረጋ ክንድ የሚያርፍም ሰው ክብደቱን ለአጥንቱ አስረክቦ ጡንቻውን ያሳርፋል።

ሦስተኛው ነገር የእግር አረጋገጥ ነው። መርገጫው ጠባብ ጠርዝ ከሆነ በመካከለኛው የእግር መዳፍ ሳይሆን በአውራ ጣት በኩል ባለው የእግር ጫፍ ይረገጣል፤ እንዲህ ሲሆን ቁርጭምጭሚት እንደ ልብ ይዞራል። ጠርዝ ከሌለና ዐለቱ ጋደል ያለ ከሆነ ደግሞ የእግር መዳፍ በሰፊው ይለጠፍና ተረከዝ ዝቅ ይደረጋል። በዐለቱና በእግር መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ሰውን ከመንሸራተት የሚጠብቀው እግሩ ዐለቱን አጥብቆ ሲጫን ነው። ጀማሪ ግን ሲፈራ ዐለቱን ያቅፋል፤ ደረቱን ይለጥፍበታል። በጋደለ ዐለት ላይ ይህ አቋም ጉዳት ያመጣል፤ ክብደቱ ከእግሩ በላይ መሆኑ ቀርቶ እግሩን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ያንሸራትተዋል፤ መርገጫውንም ከዐይኑ ይሰውረዋል። በጋደለ ዐለት ላይ ቀና ብሎ መቆም እንደ ድፍረት ቢቆጠርም እውነተኛው ጥንቃቄ እርሱ ነው። ዐለቱ ቀጥ ያለ ሲሆን ግን ወገብን ወደ ዐለቱ ማስጠጋት ይገባል፤ ይህም ክብደትን ወደ እግር ይመልሳል።

እንግዲህ የአንዱ እርምጃ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ወጪው በመጀመሪያ በሦስቱ ድጋፎቹ ላይ ይረጋል። ቀጥሎ የሚሄድበትን መርገጫ በዐይኑ ይመርጣል። ከዚያም እግሩን አንሥቶ፣ መርገጫው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዐይኑን ሳይነቅል ያስቀምጠዋል። እግሩን ካሳረፈ በኋላ ቀስ በቀስ ክብደቱን ያዛውርበታል፤ ካልከዳው ይቆምበታል። በመጨረሻም እጁን ወደሚቀጥለው መያዣ ይልካል። እጅን ከእግር አስቀድሞ ሩቅ መላክ ሰውነትን ስለሚወጥር፣ ትናንሽ እርምጃ ከታላቅ እርምጃ ይመረጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለገደል ወጪ የተነገረ ይመስላል።

መያዣ ሁሉ አይታመንም። ስለዚህ ወጪው ክብደቱን ከመጣሉ በፊት በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ድምፁ ባዶ እንስራ እንደ መምታት ከሆነ ድንጋዩ ከዐለቱ ተላቋል ማለት ነው። ጽኑ የመሰለውንም ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ታች ይስበዋል። የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ዝናብ ሲጠጣ ይላላል፤ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል አዋቂዎች ከዝናብ በኋላ ጊዜ ሰጥተው ይጠብቃሉ።

ለሁሉ ጥንቃቄ ማሰሪያው ገመድ ነው። በደብረ ዳሞ ወጪው በእጁ ከሚይዘው ወፍራም ጠፍር ሌላ ሁለተኛ ገመድ በወገቡ ይታሰርለታል፤ ያንንም ከላይ ያሉት ሰዎች እየሳቡ ይይዙለታል። የዛሬው ስፖርት ሥርዓትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወጪው በወገቡና በጭኖቹ ዙሪያ መታጠቂያ ይታጠቃል፤ ገመዱን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ቋጥሮ ከመታጠቂያው ጋር ያያይዛል፤ ሌላ ሰውም የገመዱን ጫፍ ይዞ ይጠብቀዋል። እግር ከመሬት ሳይነሣ ሁለቱ አንዱ የሌላውን መታጠቂያና ቋጠሮ በዐይንም በእጅም ይመረምራሉ። ልምድ ያለውም ሰው ከዚህ ምርመራ ነጻ አይደለም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ቋጠሮውን ሳይጨርስ ወሬ ጀምሮ የሚዘነጋው ብዙ ጊዜ ልምዱን የተማመነው ነው።

መውረድ ከመውጣት ይከብዳል፤ መርገጫው ከዐይን በታች ስለሚሆን እግር በዳበሳ ይፈልገዋል። ከታች የቆመ ረዳት «ትንሽ ወደ ግራ፤ አሁን ዝቅ» እያለ ዐይን ይሆነዋል። በዚህ ጊዜ ፍርሃት መምጣቱ አያሳፍርም። የሚፈራ ሰው ይመለከታል፣ ይፈትሻል፤ ጨርሶ የማይፈራ ሰው አይመለከትም። ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ግን በሦስቱ ድጋፎች ላይ ረግቶ መተንፈስ፣ አለዚያም «አውርዱኝ» ማለት ይገባል። ገደሉ ነገም በቦታው ይገኛል፤ ከመንገዱ እኩሌታ በሰላም የተመለሰ ሰው ነገ ሊሞክረው ይችላል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ምንባብ ሥራውን ለማወቅና ለመጻፍ የቀረበ እንጂ አስተማሪን የሚተካ አይደለም። ሕጉን በአካል ለመረዳት የፈለገ ተማሪ ዐዋቂ ባለበት፣ ግንባሩ ከሚደርስበት በማያልፍ፣ ሥሩ ለስላሳ መሬት በሆነ ቋጥኝ ላይ ይለማመድ። ያለ ገመድና ያለ ባለሙያ ገደል መውጣት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ለ. የቃላት ፍች

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸው ፍች ይህ ነው። እያንዳንዱን ቃል በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡት።

አምባ — ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ
ጠፍር — ከቆዳ የተዘጋጀ ጠንካራ ማሰሪያ
መርገጫ — እግር የሚያርፍበት ቦታ
ጋደል ያለ — ቀጥ ብሎ ያልቆመ፣ ዘንበል ያለ
ሰበቃ — ሁለት ነገሮች ሲነካኩ መንሸራተትን የሚገታ ኃይል
ዳበሳ — ሳያዩ በመንካት መፈለግ
ከዳ — ታምኖ ሳለ ጣለ፣ ሳይጸና ቀረ

ሐ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. ሦስቱን አጽንቶ አንዱን የማንቀሳቀስን ሕግ ምንባቡ በምን መሰለው? ምሳሌው የሚያስረዳውን በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
2. ጀማሪ ሲፈራ የሚያደርገው ነገር በጋደለ ዐለት ላይ አደጋ የሚያመጣበት ስለ ምንድን ነው?
3. የደብረ ዳሞው ሁለተኛ ገመድና የዛሬው ስፖርተኛ ገመድ በምን ይመሳሰላሉ?
4. «የሚፈራ ሰው ይመለከታል» የሚለውን ዐሳብ ትቀበሉታላችሁ? ከገደል ውጭ ከሆነ ሥራ ምሳሌ በመስጠት ተከራከሩበት።
5. ደራሲው ስለ ገመድ የተናገረው ስለ እግር አረጋገጥ ከተናገረ በኋላ ነው። ወጪው ግን ገመዱን የሚያስረው ከሁሉ በፊት ነው። ድርሰቱ የሥራ መመሪያ ቢሆን ኖሮ የገመዱ ክፍል የት መግባት ነበረበት? ምክንያታችሁን ስጡ።

መ. ሰዋስው

1. ቦዝ አንቀጽና ቅደም ተከተል

ቦዝ አንቀጽ ድርጊት መፈጸሙን ይናገራል፤ ብቻውን ግን ዐረፍተ ነገርን አያስርም። «መያዣውን ፈትሾ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ነገሩን አልጨረሰም፤ ሰሚው ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቃል። ጊዜውም የሚታወቀው በማሰሪያው ነው።

ፈትሾ ወጣ። (ኃላፊ)
ፈትሾ ይወጣል። (ትንቢት)
ፈትሸህ ውጣ። (ትእዛዝ)

ቦዝ አንቀጽ በባለቤቱ እንዲህ ይረባል፦ ፈትሼ፣ ፈትሸን፣ ፈትሸህ፣ ፈትሸሽ፣ ፈትሻችሁ፣ ፈትሾ፣ ፈትሻ፣ ፈትሸው።

ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ቦዝ አንቀጽ የሚያመለክተው ድርጊት አብዛኛውን ጊዜ ከማሰሪያው ድርጊት የሚቀድም መሆኑን ነው። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ) ወጪው መያዣውን ፈትሾ ክብደቱን ጣለበት።
ለ) ወጪው ክብደቱን በመያዣው ላይ ጥሎ ፈተሸው።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው፤ ቃላታቸውም አንድ ዐይነት ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን በሀ) የተነገረው ሰው ተጠንቅቋል፤ በለ) የተነገረው ሰው መያዣው ልል ከሆነ ወድቋል። ከዚህ እንደምታዩት ሰዋስዋዊ ትክክለኛነት ብቻውን አይበቃም፤ ጸሐፊው የትኛው ድርጊት ቦዝ፣ የትኛው ማሰሪያ እንደሚሆን ማመዛዘን አለበት።

2. የባለቤት ግልጽነት

«ረዳቱ ተጓዡን ገመዱን እስኪፈታ ድረስ ጠበቀው» በሚለው ዐረፍተ ነገር ገመዱን የሚፈታው ማን ነው? ረዳቱም ተጓዡም ሊሆን ይችላል። በተራ ወሬ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ በገደል አፋፍ ላይ ግን ሁለቱም «እርሱ ይፈታዋል» ብለው ሊቀመጡ፣ ወይም ሁለቱም ሊፈቱት ይችላሉ። ስለዚህ «ተጓዡ ገመዱን ፈታ፤ ረዳቱም እስኪጨርስ ጠበቀው» ብሎ መለየት ይሻላል።

3. ትእዛዝ አንቀጽ

ትእዛዝ አንቀጽ እንደ ተቀባዩ ጾታ፣ ቍጥርና ክብር ይለዋወጣል።

ለወንድ፦ እግርህን አሳርፍ። አትልቀቅ።
ለሴት፦ እግርሽን አሳርፊ። አትልቀቂ።
ለብዙዎች፦ እግራችሁን አሳርፉ። አትልቀቁ።
ለአንቱታ፦ እግርዎን ያሳርፉ። አይልቀቁ።

በአደጋ ጊዜም ቢሆን አክብሮት አይቀርም፤ ወጣቱ ረዳት ሽማግሌውን «አባቴ፣ ግራ እግርዎን እዚህ ያሳርፉ» ይላቸዋል እንጂ «አሳርፍ» አይላቸውም።

በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። በመሆኑም ሰሚው ምን እንዲያደርግ እንደ ታዘዘ የሚያውቀው ተናጋሪው ሲጨርስ ነው። የሚከተለውን ትእዛዝ ተመልከቱ፦

«ቀኝ እግርህን ከጉልበትህ በስተግራ በኩል ባለው፣ ውኃ ባጠበው ስንጥቅ ውስጥ፣ ተረከዝህን ዝቅ እንዳደረግህ፣ ግራ እጅህን ሳትለቅ አስገባ።»

ወጪው «አስገባ» የሚለውን እስኪሰማ ድረስ ክንዱ ይዝላል። ይህንኑ ቈራርጠን ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ግራ እጅህን አትልቀቅ። ቀኝ እግርህን አንሣ። ከጉልበትህ በስተግራ ስንጥቅ አለ፤ እዚያ አስገባ። ተረከዝህን ዝቅ አድርግ።» አሁን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ብቻ ያዝዛል፤ የሚከለክለውም ቃል ከሁሉ ቀድሟል።

መልመጃ አንድ። በቅንፍ ያለውን ግሥ ወደ ቦዝ አንቀጽ ለውጣችሁ ዐረፍተ ነገሮቹን ጻፉ።
1. ልጅቷ ጫማዋን (አወለቀች) ዐለቱን ወጣች።
2. እኛ ቋጠሯችንን (መረመርን) ጉዞ ጀመርን።
3. አንተ በሦስቱ ድጋፎች ላይ (ረጋህ) ተንፍስ።
4. ካህኑ መርገጫውን በእግራቸው (ዳበሱ) ወረዱ።

መልመጃ ሁለት። ቅደም ተከተላቸው የተዛባውን የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተካክላችሁ፣ በአንድ አንቀጽ አያይዛችሁ ጻፉ። እያንዳንዱን ለምን ከሌላው እንዳስቀደማችሁም ተናገሩ።
— ክብደቱን ቀስ በቀስ አዛወረበት።
— መታጠቂያውን ታጠቀ።
— እጁን ወደሚቀጥለው መያዣ ላከ።
— ጓደኛው ቋጠሮውን መረመረለት።
— እግሩን በመርገጫው ላይ አሳረፈ።
— ገመዱን ቋጥሮ ከመታጠቂያው ጋር አያያዘ።

ሠ. ድርሰት

የአሠራር ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ የሚከተሉትን ነጥቦች አትዘንጉ።

1. ለማን እንደምትጽፉ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የማያስፈልገው ማብራሪያ ለጀማሪ ያስፈልገዋል።
2. የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ከሥራው አስቀድማችሁ ዘርዝሩ። በሥራው መካከል «ለካስ ገመድ ያስፈልግ ነበር» የሚያሰኝ ድርሰት አንባቢውን በገደል ላይ ያስቀረዋል።
3. በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ድርጊቶችን አትደርድሩ። «በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያም፣ በመጨረሻ» የሚሉትን ማያያዣዎች በየቦታቸው አግቡ።
4. ጥንቃቄን የሚመለከት ነገር ከድርጊቱ በፊት ይነገር። «እሳቱን አቀጣጥል፤ ከማቀጣጠልህ በፊት ግን ቤንዚኑን አርቅ» የሚል መመሪያ ዘግይቷል።
5. ምክንያትን ጨምሩ። ምክንያቱን የተረዳ አንባቢ መመሪያው ያላሰበው ነገር ቢያጋጥመው ራሱን ይረዳል።

የድርሰት ርእሶች። ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው ድርሰት ጻፉ።
ሀ) በቅሎን መጫንና ጭነቷን ማመዛዘን
ለ) ከጥልቅ ጕድጓድ ውኃ መቅዳት
ሐ) የሞላ ወንዝን በገመድ መሻገር

ድርሰቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ደብተራችሁን ከጎናችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተለዋወጡ። ጓደኛችሁ የጻፋችሁትን ብቻ እየተከተለ፣ ከራሱ ምንም ሳይጨምር፣ ሥራውን በእጅ ምልክት ያሳይ። እርሱ የቆመበትና ግራ የተጋባበት ቦታ ላይ የጎደለ ወይም የተዛባ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ምልክት አድርጋችሁበት አስተካክሉ። ገደል ወጪዎች ከመነሣታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮ እንደሚመረምር ሁሉ፣ የጻፋችሁትም መመሪያ ወደ ሌላ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት በሌላ ዐይን ይታይ።